በድሬ ሙቀት የሚጸና ቦንድ፦ በጥርስ ማጣበቂያ ውስጥ ከሚጨመሩት ነገሮች የትኛውን እንምረጥ?

ከአስመጪዎች የሚደርሰን የዕቃ ዝርዝር ላይ የቦንድ (ሙሌትን ከጥርስ ጋር የሚያያይዘው ፈሳሽ ማጣበቂያ) ዓይነት ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። አንዱ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ፀረ-ጀርም አለው፣ ሌላው ባክቴሪያ ይገድላል፣ ሦስተኛው ፍሎራይድ ይለቃል፣ አራተኛው ማጣበቂያን ከሴራሚክ ጋር የሚያያይዝ ሳይሌን ተቀላቅሎበታል። ዋጋቸውም እጅግ ይራራቃል። ታካሚው የሚጠይቀን ግን ከድሮው አልተለወጠም፦ «ዶክተር፣ ይህ ሙሌት ስንት ዓመት ይቆይልኛል?» ይህን መመሪያ የጻፍኩት በድሬዳዋና በሐረር ክሊኒኮች ለሚሠሩ፣ በተለይም በቅርቡ ተመርቀው የመጀመሪያውን ጠርሙስ በራሳቸው ገንዘብ ለሚገዙ ወጣት ባልደረቦቼ ነው።

መልሴን ላስቀድም። ስለ ማንኛውም ተጨማሪ ነገር መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከአንድ ዓመት በኋላ በቦታው ይገኛል? ከጥርሱ ካልሲየም ጋር የሚተሳሰር ከሆነ፣ ወይም ብርሃን ሲበራበት ከሬዚኑ (ከማጣበቂያው ፕላስቲክ መሰል ዋና ክፍል) ጋር አብሮ የሚጠነክር ከሆነ ይቆያል። በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ግን ምራቅና ከጥርሱ ውስጥ የሚወጣው ፈሳሽ ቀስ በቀስ አጥቦ ይወስደዋል። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ አገራችን አየር ነው፦ ያ ጠርሙስ የድሬን ግንቦት ይችለዋል?

ትስስሩን የሚበላው ምንድን ነው?

ተመራማሪው ማይክል ቡኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 ኢናሜል (ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ሲቀባ ሬዚን በደንብ እንደሚይዝ አሳየ። ዛሬ የምንቀባው ጄል ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 37 በመቶ ነው። ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ስለሆነ አሲዱ ያሻክረዋል፣ ሬዚኑ ገብቶበት ይጠነክራል፣ በትክክል ከተሠራም ለብዙ ዓመታት ይጸናል። ለኢናሜል ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ተጨማሪዎች ይህን ያህል መጨነቅ ባላስፈለገን ነበር።

የሚያስቸግረን ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን ነው። በክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ማዕድን፣ 20 በመቶ በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር፣ 10 በመቶ ደግሞ ውሃ ነው። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ከጥርሱ ነርቭ አካባቢ ፈሳሽ ያመጣሉ፤ ስለዚህ ሕይወት ያለው ዴንቲን መቼም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። አሲድ ሲቀባ ማዕድኑ ታጥቦ ይሄድና የኮላጅን መረብ ብቻውን ይቀራል። ሬዚኑ ያንን መረብ ሰርስሮ ገብቶ ሲጠነክር የሚፈጠረውን ሃይብሪድ ሽፋን ጃፓናዊው ኖቡኦ ናካባያሺ እ.ኤ.አ. በ1982 ገልጾታል። የዴንቲን ትስስር ዕድሜ በዚያ ቀጭን ሽፋን ላይ የተመሠረተ ነው።

ሽፋኑ በሁለት በኩል ይበላል። በአንድ በኩል ውሃ የሬዚኑን የኤስተር ትስስር እየቆረጠ ያላላዋል፤ በምራቅ ውስጥ ያሉ ኤስተሬዝ የሚባሉ ኤንዛይሞችም ያግዙታል። በሌላ በኩል ራሱ ዴንቲኑ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ በውስጡ የተቀበሩ ኤምኤምፒ የሚባሉ ኤንዛይሞች አሉት። አሲድ ሲነካቸው ይነቃሉ፤ ሬዚን ያልደረሰበትን ኮላጅንም ይቆርጡታል። ዴቪድ ፓሽሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ኮላጅኑ ባክቴሪያ በሌለበት እንኳ በጥርሱ በራሱ ኤንዛይም እንደሚፈርስ አሳይተዋል። ተጨማሪ ተብለው የሚሸጡልን ነገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ለመከላከል የታሰቡ ናቸው።

የአምራቹን ማስታወቂያ ስታነቡ ቁጥሩ የተለካው መቼ እንደሆነ እዩ። በ24 ሰዓት ውስጥ የተለካ ሜጋፓስካል (የትስስሩ ጥንካሬ መለኪያ) ስለ ዕድሜ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ያኔ ጥሩ የተሠራ ቦንድ ሁሉ ጠንካራ ነው። የምትፈልጉት ናሙናው ስድስት ወር ወይም ዓመት በውሃ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ የተለካውን፣ ወይም በ5 እና በ55 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ መካከል 10,000 ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የተለካውን ነው። ከዚያ ይበልጥ ዋጋ ያለው ደግሞ በሰው አፍ ውስጥ ለዓመታት የተደረገ ክትትል ነው።

ኤምዲፒ፦ መጀመሪያ የምፈልገው

ሙሉ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሁሉም በአጭሩ ኤምዲፒ ይለዋል። የጃፓኑ ኩራራይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ሞኖመር (እርስ በርሱ ተያይዞ ሬዚን የሚሆን ትንሽ ሞለኪውል) ነው። በአንዱ ጫፉ ያለው የፎስፌት ክፍል ከጥርሱ ካልሲየም ጋር ይተሳሰራል፤ ሌላው ጫፉ ብርሃን ሲያገኝ ከሬዚኑ ጋር አብሮ ይጠነክራል፤ በመካከል ያለው አሥር ካርቦን የያዘ ሰንሰለት ደግሞ ውሃ አይወድም። ከካልሲየም ጋር የሚሠራው ጨው በውሃ በቀላሉ አይሟሟም፤ እያንዳንዳቸው 4 ናኖሜትር ገደማ በሆኑ ንብርብሮችም ይደረደራል። መጀመሪያ ያነሳሁትን ጥያቄ በሁለቱም በኩል የሚመልስ ተጨማሪ ይህ ነው፤ ከጥርሱም ከሬዚኑም ጋር ተይዞ ይቀራል።

የዘመኑ ማስረጃም ከጎኑ ነው። ኤምዲፒ ያለው ባለ ሁለት እርምጃው (መጀመሪያ ፕራይመር የሚባለው ማዘጋጃ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ቦንዱ የሚቀባበት) ክሊርፊል ኤስኢ ቦንድ በጥርስ አንገት ላይ ባሉ ጉድጓዶች ተፈትኖ በ13 ዓመት ክትትል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሙሌቶች በቦታቸው ተገኝተዋል። የአንገት ጉድጓድ ሙሌቱን በቅርጹ አይዝለትም፤ የያዘው ማጣበቂያው ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ከባድ ፈተና ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የፓተንት መብቱ ካበቃ ወዲህ ብዙ አምራቾች ኤምዲፒን ይጨምራሉ፤ የሁሉም ንጽሕና ግን እኩል አይደለም። በላቦራቶሪ ሲነጻጸሩ ቆሻሻ የበዛበት ኤምዲፒ ከካልሲየም ጋር የሚሠራው ንብርብር ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በመለያው ላይ «ኤምዲፒ አለው» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ በስሙ የታተመ የክትትል ጥናት ያለውን ምረጡ። ሁለተኛው የአሠራር ጉዳይ ነው። ኤምዲፒ የሚይዘው ካልሲየም ይፈልጋል። ኤምዲፒ ያለው ቦንድ ገዝቶ ዴንቲኑን በ37 በመቶ አሲድ አጥቦ ካልሲየሙን ካስወገዱ በኋላ መቀባት፣ የከፈሉበትን ጥቅም በገዛ እጅ መጣል ነው። አሲዱን በኢናሜሉ ጠርዝ ላይ ብቻ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቀብታችሁ እጠቡ፤ ዴንቲኑን ለቦንዱ ተዉለት። ከዚያ በብሩሽ እያሻችሁ 20 ሰከንድ ቀቡት። ዝም ብሎ አርጥቦ መተው አንድ አይደለም፤ ማሸቱ አሮጌውን ፈሳሽ እያወጣ አዲሱን ያስገባል።

በአንዳንድ ዩኒቨርሳል ቦንዶች (ሁሉም በአንድ ጠርሙስ የሚመጡ፣ በአሲድም ያለ አሲድም የሚሠሩ) ውስጥ ከኤምዲፒ ጋር ፖሊአልኬኖይክ አሲድ ኮፖሊመርም አለ። እሱም ካልሲየም ስለሚይዝ ከኤምዲፒው ጋር እንደሚሻማ በላቦራቶሪ ታይቷል። ይህን ግን ጠርሙሱን ላለመግዛት ምክንያት አላደርገውም፤ እንዲህ ያሉ ቦንዶች በታካሚ ላይ ጥሩ ውጤት አላቸው።

ክሎርሄክሲዲን፦ ርካሽ ነው፤ ተስፋውን ግን በልኩ

ኤምኤምፒን ከሚያግዱት መካከል በብዛት የተጠናው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት እንዲነቀሉ በተወሰኑ ጥርሶች ላይ፣ በሰው አፍ ውስጥ፣ ከአሲዱ በኋላ ክሎርሄክሲዲን ቀብቶ 14 ወር ጠበቀ። ያልተቀባው ወገን ጥንካሬው ከ29 ሜጋፓስካል ገደማ ወደ 19 ወረደ፤ የተቀባው ግን 32 ላይ ቆየ። ይህ ሲታተም ብዙዎቻችን መልሱ የተገኘ መስሎን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግን ያን ያህል አያስደስትም። ክሎርሄክሲዲን ከሬዚኑ ጋር አብሮ አይጠነክርም፤ በውሃ ይሟሟል፤ እየታጠበ ሲወጣም ጥበቃው አብሮ ይቀንሳል። በአንገት ጉድጓድ ሙሌቶች ላይ በተደረጉ የታካሚ ሙከራዎች የተቀባውና ያልተቀባው በመቆየት ረገድ በአብዛኛው ልዩነት አላሳዩም። ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ አሲድ ታጥቦ ዴንቲኑ በሚገለጥበት አሠራር የምትሠሩ ከሆነ 2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ለ30 ወይም ለ60 ሰከንድ ቀብታችሁ ትርፉን ብታነሱ አይጎዳም፤ ወጪውም ትንሽ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ስለተጨመረ ብቻ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉበት። ሰልፍ-ኤች (አሲድ ለብቻው ሳይቀባ ቦንዱ ራሱ ጥርሱን የሚያሻክርበት አሠራር) ለሚሠራ ደግሞ እርምጃውን አልጨምርበትም፤ እዚያ የሚገለጠው ኮላጅን ራሱ ጥቂት ነውና።

ሌላው ማሳሰቢያዬ፣ ለአፍ ማጠቢያ የሚሸጠውን ክሎርሄክሲዲን በዴንቲን ላይ አትቀቡ። ጣዕምና ግሊሰሪን የተጨመረበት ነው፤ ለጉድጓድ የተዘጋጀው ሌላ ነው።

ባክቴሪያ የሚገድለው፣ ኮላጅኑን የሚያጠነክረው

ኤምዲፒቢ በስሙ ከኤምዲፒ ጋር ይቀራረባል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ባክቴሪያ የሚገድል የአሞኒየም ክፍል ከሚጠነክር ሞኖመር ጋር ተያይዞበታል። በክሊርፊል ፕሮቴክት ቦንድ ፕራይመር ውስጥ ይገኛል። ብርሃን ከመብራቱ በፊት ፈሳሽ እያለ በጉድጓዱ ውስጥ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ከበራ በኋላ ከሬዚኑ ጋር ተሳስሮ ይቀራል፣ የሚነካውን ብቻ ይከላከላል። ታጥቦ አይወጣም። ከክሎርሄክሲዲን የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ጥልቅ ብስባሽ ባለበትና ነርቭ እንዳይነካ ለስላሳውን ዴንቲን ሆን ብለን በምንተውበት ጥርስ ላይ ተጨማሪው ዋጋ ያስቆጫል ብዬ አላምንም። ተራ ሙሌት ላይ ግን ኤምዲፒ ብቻ ያለው ቦንድ ይበቃል።

ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ደግሞ በአንዳንድ የአሲድ ጄሎች ውስጥ ይጨመራል። ኤምኤምፒን እንደሚያግድ በላቦራቶሪ ታይቷል። ጄሉን ለማንኛውም መግዛታችን ስለማይቀር፣ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ይህን የያዘውን ውሰዱ።

ኮላጅኑን እርስ በርስ በማሰር እንዲጠነክር የሚያደርጉም አሉ። በክሊኒክ የምናውቀው 5 በመቶ ግሉታራልዴሃይድና 35 በመቶ ሄማ (ከታች የምመለስበት ውሃ ወዳድ ሞኖመር) የያዘውን ግሉማን ነው፤ ከጥርስ ቅዝቃዜ ስሜት ማስታገሻነት አልፎ ኮላጅኑንም ያስራል። ድድና ከንፈር ላይ ከፈሰሰ ግን ያቃጥላል። ያለ ጎማ መከለያ አትጠቀሙበት። ከወይን ፍሬ የሚገኘው ፕሮአንቶሲያኒዲንና ከአረንጓዴ ሻይ የሚወጣው ካቴኪን በላቦራቶሪ ኮላጅኑን ያጠነክራሉ፤ የወይኑ ግን ጥርሱን ያጠቁራል፣ የሬዚኑንም መጠንከር ሊያውክ ይችላል። የብር፣ የዚንክና የመዳብ ናኖ ቅንጣቶች ሌላው የምርምር መስክ ናቸው፤ ብሩ ቀለም ይለውጣል። እነዚህን በጉጉት ተከታተሉ፤ ለታካሚያችሁ ጥርስ ግን የረጅም ዓመት ማስረጃ እስኪያገኙ አትግዙ።

ስለ ፍሎራይድ የምለው አጭር ነው። የቦንድ ሽፋን በማይክሮሜትር የሚለካ ስለሆነ የሚለቀውም ፍሎራይድ ጥቂት ነው። ጥርሱ ፍሎራይድ እንዲያገኝ ከፈለጋችሁ ከግላስ አዮኖመር (ፍሎራይድ ከሚሰጠው ሌላ ዓይነት ሙሌት) እና ጥርስ ላይ ከሚቀባው ቫርኒሽ ፈልጉት።

ሄማ፣ አሴቶን እና የድሬ ሙቀት

በመጻሕፍቱ ውስጥ ስለዚህ የሚጻፈው ባብዛኛው በ23 ዲግሪ በሚጠበቅ ላቦራቶሪ የተሠራ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት 35 ዲግሪን የምታልፍ ከተማ ናት። በደንገጎ ዳገት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። አንዱ ጠርሙስ በሁለቱ ከተሞች ተመሳሳይ አይሆንም። በእኔ ግምት ለእኛ ከየትኛውም የኤንዛይም መከላከያ በላይ የሚያሳስበን መሟሟቻው ነው።

መሟሟቻው ሞኖመሩን አቅጥኖ ወደ ኮላጅኑ ካስገባ በኋላ መትነን አለበት። ሦስት ዓይነት ነው፦ አሴቶን፣ ኢታኖል እና ውሃ፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ተቀላቅለው ይመጣሉ። አሴቶን በባሕር ጠለል ላይ በ56 ዲግሪ ይፈላል፣ ኢታኖል በ78። በ20 ዲግሪ ሙቀት የአሴቶን የመትነን ግፊት የኢታኖልን አራት እጥፍ ያህላል። ይህ በቀዝቃዛ አገር ጥቅም ነው፤ ውሃውን ይዞ ቶሎ ይወጣል። በድሬ ግን ክዳኑ ለጥቂት ደቂቃ ክፍት ሲቀር ወይም ጠብታው በሳህኑ ላይ ሲጠብቅ አሴቶኑ ይተንና የሚቀረው ወፍራም፣ ሳይቀላቀል የተለያየ ፈሳሽ ይሆናል። ዴንቲኑ ውስጥ አይገባም። ጂ-ፕሪሚዮ ቦንድ ለምሳሌ አሴቶን አለው፤ ሄማ ግን የለውም። በጥንቃቄ ለሚሠራ እጅ ጥሩ ምርት ነው፤ ጠብታው እንደወጣ ወዲያው መቀባት፣ አምራቹ እንደሚያዘው በጠንካራ አየር 5 ሰከንድ መንፋት ይፈልጋል። ረዳት በሌለበት፣ አንድ ሰው ሁሉንም በሚሠራበትና ማራገቢያ ብቻ ባለበት ክፍል ግን አልመርጠውም። ለድሬ ኢታኖልና ውሃ የያዘውን እመርጣለሁ። ሐረር ላሉ ሁለቱም ይሆናል።

ሄማ ደግሞ ውሃ የሚወድ ትንሽ ሞኖመር ነው። ዴንቲኑን ያርሰዋል፣ እርስ በርስ የማይዋሃዱትን የቦንዱን ክፍሎች ያቀላቅላል፤ ሲቀባ ሥራው ያማረ ነው። ከጠነከረ በኋላ ግን ያው ውሃ ወዳድነቱ ጠላት ይሆናል፤ ውሃ ይስባል፣ ሽፋኑን ያላላል። ሄማ የሌላቸው ቦንዶች በዚህ ይሻላሉ፤ ነገር ግን መሟሟቻው ሲተን ውሃው ተለይቶ በትናንሽ ጠብታዎች ይታያልና በጠንካራ አየር ካልተነፉ ጠብታዎቹ በሽፋኑ ውስጥ ተይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ሄማ አለው የለውም ከሚለው በላይ በደንብ ነፍታችሁ ማትነናችሁ ይወስናል። ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም፣ ገጹ አንጸባርቆ ረግቶ እስኪታይ ድረስ ንፉ።

የምትነፉበትን አየርም ፈትሹት። ኮምፕሬሰሩ ሞቅ ያለ አየር ሲያምቅ በታንኩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ዘይትም ሊቀላቀል ይችላል። የአየር መርፌውን በመስታወት ላይ ንፉና እዩ፤ ጠብታ ወይም ቅባት ከታየ በጠርሙሱ ውስጥ የተጨመረው ነገር ሁሉ ምንም አይጠቅማችሁም። ታንኩን በየቀኑ ማታ አፍስሱት።

ሄማ በጓንት ውስጥ በደቂቃዎች ያልፋል። ቦንድ ጣታችሁ ላይ ሲፈስ ጓንቱን ወዲያው አውልቃችሁ እጃችሁን ታጠቡ፤ አለርጂ ከተጀመረ አብሮ የሚኖር ነው። ረዳታችሁ ጣቷ ላይ መሰነጣጠቅና ማሳከክ ከጀመራት ሄማ የሌለውን ምርት የምትመርጡበት በቂ ምክንያት አገኛችሁ።

ማስቀመጫውንም አትርሱ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሳል ቦንዶች ከ2 እስከ 25 ዲግሪ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ብቻ። በድሬ 25 ዲግሪ የሚባለው ራሱ ያለ ፍሪጅ አይገኝም። ከአዲስ አበባ በመኪና ጭነት የሚመጣ ካርቶን የአዋሽንና የሚኤሶን ቆላ በቀትር ሲያቋርጥ ምን ያህል እንደሚሞቅ አስቡት፤ ሻጩን በአውሮፕላን እንዲልክ፣ ወይም በበረዶ ሳጥን በሌሊት እንዲያስጭን ለምኑት። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር ትንሽ ጠርሙስ ግዙ። ከፍሪጅ የወጣውን ቀዝቃዛ ፈሳሽም ወዲያው አትቀቡ፤ ተዘግቶ እንዳለ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁት። ክዳኑ ቀዝቅዞ እያለ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ይገባበታል።

መሙያ፣ ሳይሌን እና ብርሃኑ

የሲሊካ ወይም የመስታወት ቅንጣት የተጨመረበት ቦንድ ይወፍራል፣ ኮምፖዚቱ (ከሬዚን የሚሠራው ሙሌት) ሲጠነክር የሚፈጥረውን ጫና ይችላል። ኦፕቲቦንድ ኤፍኤል ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው መሙያ ነው። ባለ ሦስት እርምጃ ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል፤ ግን እሱም በ13 ዓመት የአንገት ጉድጓድ ክትትል ከ90 በመቶ በላይ ቆይቷል። በውስጡ ኤምዲፒም ሆነ ክሎርሄክሲዲን የለም። የሚያቆየው ፕራይመሩ ተለይቶ መቀባቱና በላዩ ውሃ የማይወድ ወፍራም ሽፋን መምጣቱ ነው። ይህ ብዙ ያስተምራል፤ አንድ ጠርሙስ ዩኒቨርሳል የምትጠቀሙ ከሆነም በላዩ ውሃ የማይወድ ሬዚን ሁለተኛ ሽፋን ብትቀቡበት ዕድሜውን ልታረዝሙት ትችላላችሁ።

ሳይሌን በቦንዱ ውስጥ መኖሩ ሴራሚክ ለሚጠግን ጊዜ ይቆጥባል ይባላል። ችግሩ ሳይሌን አሲዳማ በሆነ ውሃማ ፈሳሽ ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ እርስ በርሱ እየተያያዘ ኃይሉን ያጣል። ለመስታወታማ ሴራሚክ ሳይሌኑን ለብቻው ቀቡ።

ስለ ብርሃኑ ደግሞ አንድ ነገር። አብዛኛው ቦንድ ካምፈርኪኖን የሚባል ማነቃቂያ ይይዛል፤ 470 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይበቃዋል። አንዳንዱ ግን ከ420 ናኖሜትር በታች ያለ ሐምራዊ ብርሃን የሚፈልግ ሌላ ማነቃቂያ ተጨምሮበታል። መብራታችሁ አንድ ቀለም ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ያ ተጨማሪ አይነቃም። በሻጩ መጽሔት ሳይሆን በመብራታችሁ መመሪያ ውስጥ ፈልጉት። ባትሪው የደከመ መብራት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ብርሃኑን በመለኪያ ፈትሹ።

ለየትኛው ታካሚ የትኛው?

ለዕለት ሥራ፣ አንድ ጠርሙስ ብቻ የሚያስገዛ ገንዘብ ላለው፦ ኤምዲፒ ያለው፣ ኢታኖል የያዘ ዩኒቨርሳል። ኢናሜሉን ብቻ በአሲድ፣ ዴንቲኑን በማሸት። ጊዜና ፍሪጅ ላለው ባለ ሁለት እርምጃው ኤምዲፒ ይሻላል፤ ታካሚውን ሁለት ደቂቃ ያህል በወንበሩ ማቆየት ለብዙ ዓመት ዕድሜ የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው።

ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከሌላው ስምጥ ሸለቆ የመጡ፣ ጥርሳቸው በፍሎራይድ ቡና ቀለም የያዘባቸው ታካሚዎች እኛ ዘንድም ይመጣሉ። የእነሱ ኢናሜል አሲድን ይቋቋማል። ለስለስ ያለ አሲድ ባለው ሰልፍ-ኤች ብቻ አትተማመኑ፤ የኢናሜሉን ላይኛ ገጽ ቀለል አድርጋችሁ ሞርዳችሁ ፎስፎሪክ አሲዱን ከተለመደው ጊዜ አስረዝሙ።

ጫት በአንድ ጉንጩ ለሰዓታት ይዞ በስኳርና በለስላሳ መጠጥ የሚያወራርድ ታካሚ በሐረርም በድሬም ብዙ ነው። በዚያ ወገን ያለው የሙሌቱ ጠርዝ ለረጅም ጊዜ ይታኘክበታል፣ ጣፋጩም እዚያው ይቆያል። ለእሱ ኤምዲፒቢ ያለው ቦንድ ተገቢ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን የተጠራቀመው ጣፋጭ ካልቀነሰ የትኛውም ጠርሙስ ብቻውን አይችለውም። ይህንን ሳታፍሩ ንገሩት፤ «ጫቱን ተው» ብላችሁ ሳይሆን፣ በጉንጩ ያለው ሲያልቅ በውሃ እንዲጉመጠመጥና ስኳሩን እንዲቀንስ ብትጠይቁት የሚሰማችሁ ብዙ ሰው አለ።

እድሜያቸው የገፋ እማማ ሥሩ የተገለጠ ጥርስ ይዘው ሲመጡ፣ ድዱም ሲደማ፣ ምራቁንም መቆጣጠር ሳይቻል ሲቀር፣ ወይም ልጁ አፉን ለሦስት ደቂቃ ከፍቶ መቆየት አልችል ሲል፣ የተጨመረውን እያወዳደራችሁ አትቸገሩ። ያን ቀን ቦንዱን ተዉትና ግላስ አዮኖመር ሙሉ። እርጥበትን ከሬዚን በተሻለ ይታገሣል፣ ከካልሲየም ጋር ራሱ ይተሳሰራል፣ ፍሎራይድም ይሰጣል። ድዱ ሲድን፣ ልጁም ወንበሩን ሲለምድ በላዩ ኮምፖዚት መሥራት ይቻላል።